በደረቅ አበሳ

የመጣሁ ሌሊት ነው፣ አገሩን ሳላውቅ፣
ዛፉን በጠረኑ የለየሁት ከሩቅ።
እነሱ ዓርዓር አሉት፣ እኔ ጥድ እላለሁ፤
ባሕር ተሻግሬ ዘመድ አግኝቻለሁ።

ተኑማ ከፍ ያለች፣ ደመና ከእግሯ ሥር፤
እዚያ ነው የማድረው፣ በሙሸበብ መንደር።
እርከን እክባለሁ፣ ቀፎ እጠብቃለሁ።
ኢቃማ የለኝም። በዳገቱ ጎዳና
ሲያጓራ ስሰማ የፖሊስ መኪና
ከእንጨት መሀል ቆሜ እንጨት እሆናለሁ።

ሙሸበብ ማለት፣ አለኝ ሽማግሌው፣
"የተለኮሰ" ነው።
"በእኛ ቋንቋ፣ ሸምሰዲን፣ እሳትና ወጣት
አንድ ሥር አላቸው፣ መንታ ናቸው በቃላት።"
ሣቀ፤ ጥርስ የለውም። ከኋላው ጫካው
ከእሱ ብሶ አርጅቷል፤ የሞተው፣ ካልሞተው
ትከሻ ላይ ወድቆ፣ ሽበት አንጠልጥሎ፣
"ቅርንጫፍ ያነሳ ይቀጣል" ተብሎ
ቆሟል በማስታወቂያ።

አባቶቹ፣ አለ፣ ሕማ ነበራቸው፣
ደረቅ ለማንሳት ቀን የተቆረጠላቸው፤
እርጥብ የነካ ግን በሬ ይከፍል ነበር።
አሁን ሰው ወርዷል፣ አብሃና ጂዳ፤
ማን አለ ደረቁን የሚያነሳ ከሜዳ?

የእኔም አገር፣ አልሁት፣ ሪራ፣ እሳት ያውቃል።
አስታው ሲያረጅ ጊዜ አባቴ ክብሪት ይጭራል፤
ከብቱ ሳር ያገኛል፣ አስታው ያቆጠቁጣል።
የፓርኩ ዘበኛ ያስረዋል፣ ይከሰዋል፤
ነፋስ ያመለጠ ዕለት እሱም ልክ ይሆናል።

ሰማና ዝም አለ።
በብርዱ ወር፣ ሌሊት፣ አንድም ሰው ሳያየን፣
ከቀፎው በላይ ያለውን ጥድ ሥር ሥሩን ጠረግን።
መቶ ዛፍ ቢሆን ነው። ወገቤ ተቆረጠ።

በሐምሌ፣ የሪያድን ሙቀት የሸሸ ቤተሰብ
በጉን ጠብሶ በላ፤ ፍሙን ሳያስብ
ለነፋስ ትቶት ሄደ።

መጀመሪያ እሳቱ በሆዱ ተሳበ፤
ደረቁን ሲያገኘው መሰላል ሠራና
ከአናቱ ላይ ወጣ፣ ከዛፍ ዛፍ ዘለለ።
"በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" ሲሉኝ
ለሰው ኃጢአት ብቻ የተተረተ ይመስለኝ
ነበር። ለካ የጫካ ነው።

ሄሊኮፕተር መጣ፣ ጭሱን ቀደደው።
እኔም ከእንጨት መሀል ወጣሁ። አካፋ ያዝሁ፣
ከቀፎው ራስጌ አፈር እየጠረግሁ
መስመር አወጣሁ፣ እስኪነጋ።
እሳቱ ኢቃማ አልጠየቀኝም።
መኮንኑም፣ ያን ሌሊት፣ አልጠየቀኝም።
የጠጣበትን ውሃ ግማሹን ሰጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን አዝዬ ወጣሁ።
ሸንተረሩ ከሰል ነው። ዛፎቹ እንደቆሙ
ሞተዋል፣ ሳይወድቁ።
ከቀፎው በላይ ግን፣ በጠረግነው በኩል፣
እሳቱ፣ እንግዳ ሰው ምንጣፍ ሲረግጥ እንደሚያደርገው፣
ጫማውን አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ አልፏል፤
ቅርፊቱን ልሶ ብቻ።

"ይመለሳል?" አለኝ ጥቁሩን እያየ።

አስታ ቢሆን ኖሮ አዎን እልህ ነበር።
ጥድ ግን ከሥሩ አያቆጠቁጥም።
ወፍ ፍሬውን በልታ ጥላ ሥር እስክትጥለው፣
ዝናብ ሳይቀድመው፣ ፍየል ሳያገኘው፣
ይጠብቃል። አንተ አታየውም።
የእኔም መባረር አይቀርም።

ከጀርባዬ ላይ ትንፋሹ ይሰማኛል።
"እንኳን አልዋሸኸኝ" አለ፤ "አሁን አውርደኝ።"

እሳት አመድ ወለደ ይላል አገሬ ሰው፤
አመዱ የወለደውን ተረቱ ሳይነግረው
የቀረው ለምን ይሆን? በመጀመሪያው ዝናብ
አመዱ ሳር ወለደ፣ ስሙን የማላውቀው
ወይን ጠጅ አበባ፤
ንቦቹ ከእኔ ቀድመው ሰምተው ነበር።

ዛሬ ጭጋግ ነው። ቅጠሉ ያንጠባጥባል።
ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አብሃ ተመላልሶ
ፈቃድ አምጥቷል፣ ማኅተም ያረፈበት፤
የሰበሰብነውን ደረቅ እንድናነድድ።
የእንጨቱ ክምር ወረቀት አለው፤
እኔ የለኝም።

ክብሪቱን ሰጠኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል።
"ስሜን ጫረው" አለ።
ጫርሁት።

ከታች መኪና አጓራ።
እንጨት ልሆን ዞር አልሁ፤
እንጨቱ እየነደደ ነበር።